ማን ማንን ይውጣል? ትልልቅ የባሕር ዓሦችን ስለማጣመር የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎች ጥያቄዎች

ባለፈው እትም በቤት ውስጥ የጨው ውሃ አኳሪየም ስለማቆም ባጭሩ ጽፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ትልልቆቹ ዓሦች ናቸው። ገንዳ ያሠራ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ለካ እነሱ ላይ ነው። ተመሳሳዮቹን አጣምረን፣ የረዘሙትን አሳጥረን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ነው። ሳሎን ውስጥ ርዝመቱ 150፣ ስፋቱ 60፣ ቁመቱ 65 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ አሠርቻለሁ። የመረጥኳቸው ዓሦች ፒካሶ ትሪገርፊሽ፣ ኢምፐረር ኤንጀልፊሽ፣ ፓንተር ግሩፐር፣ ላየንፊሽ፣ ቢጫ ታንግና ስኖውፍሌክ ሞሬይ ናቸው። ለልጆቼ ደግሞ ጥንድ ክላውንፊሽ አስቤያለሁ። ከሞሬዩ በቀር ሁሉም ገና ከ10 ሳንቲ ሜትር አይበልጡም፤ ሻጩም «አብረው ያድጋሉ፣ ይለማመዳሉ» ብሎኛል። እውነት ይስማማሉ?

መልስ፦ ዝርዝሩ እንዳለ ከገባ ቀድመው የሚጠፉት ክላውንፊሾቹ ናቸው። ላየንፊሽ የሚያድነው ሲመሻሽ ነው፤ የራሱን ርዝመት ግማሽ የሚያህል ዓሣም ይውጣል። ጠዋት ልጆቹ የሞተ ክላውንፊሽ እንኳ አያገኙም፤ የሚያዩት ሆዱ የተወጠረ ላየንፊሽ ነው።

«አብረው ያድጋሉ» የሚለው የሻጭ ቃል ግማሹ እውነት ነው። ያድጋሉ፤ እኩል ግን አያድጉም። ነጭ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ፓንተር ግሩፐር በልጅነቱ ክንፉን እያርገበገበ ሲዋኝ ማንንም ይማርካል። ሲያድግ ግን 70 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ስፋቱ 60 በሆነ ገንዳ ውስጥ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ እንኳ ዞሮ መመለስ ይቸግረዋል። አብሮ አደግ የሚባል ነገርም አያውቅም፤ አምና ጎረቤቱ የነበረውን ዘንድሮ አፉ ከበቃው ይውጠዋል። ይህን ያለ ማመንታት ይሰርዙት።

ኢምፐረር ኤንጀልፊሽ ሌላ ችግር አለው። ልጅ ሳለ ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ ክብ ክብ መስመር ይኖረዋል፤ ሲያድግ መልኩን ጨርሶ ለውጦ ቢጫና ሰማያዊ ሽንትር ይሆናል። ባሕር ውስጥ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፣ ቀኑን ሙሉ ሲዋኝና ድንጋይ ሲለቅም ይውላል። ርዝመቱ 2 ሜትር ያልሞላ ገንዳ ለሱ ጠባብ ነው። ጠባብ ቦታ የያዘ ትልቅ ኤንጀልፊሽ ደግሞ ንዴቱን የሚወጣው በሌሎቹ ላይ ነው። ሁለተኛ ገንዳ እስኪያሠሩ ይቆይ።

ከቀሩት አራቱ ውስጥ ፒካሶውና ላየንፊሹ አንድ ቤት አያድሩም። ፒካሶ ትሪገርፊሽ ጥርሱ የሸርጣን ቅርፊት ለመስበር የተሠራ፣ ያገኘውን ሁሉ ነክሶ የሚፈትን ዓሣ ነው። ላየንፊሽ በበኩሉ ረጃጅም ክንፎቹን ዘርግቶ አንድ ቦታ ተንጠልጥሎ የሚውል ቀርፋፋ ነው። ትሪገሩ የክንፉን ጫፍ ይቆነጥራል፤ ላየንፊሹ ይደበቃል፣ መብላት ያቆማል፣ ከዚያ ቁስሉ ያመረቅዛል። መርዛም እሾኩ ያድነዋል ብለው አይቁጠሩ።

ስለዚህ ከሁለት ቡድን አንዱን ይምረጡ። የመጀመሪያው የንቁዎቹ ነው፦ ፒካሶ ትሪገርፊሽ አንድ (ሲያድግ እስከ 30)፣ ቢጫ ታንግ አንድ (እስከ 20)፣ ፎክስፌስ ራቢትፊሽ አንድ (እስከ 24 ሳንቲ ሜትር)። አራተኛ የግድ ካሰኘዎት ሐርለኪን ተስክ የሚባለውን፣ ብርቱካናማ ሽንትርና ሰማያዊ ጥርስ ያለውን ዓሣ ይጨምሩ። ጥርሱ ያስፈራል እንጂ ከትሪገር ይልቅ ጨዋ ነው። ሁለተኛው ቡድን የእርጋታ ነው፦ ላየንፊሽ፣ ስኖውፍሌክ ሞሬይ፣ ፎክስፌስና ቢጫ ታንግ። እኛ ብንጠየቅ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ማምሻውን ላየንፊሽና ሞሬይ ሲንቀሳቀሱ የሚታየው ከሁሉ ይበልጣል። ክላውንፊሾቹን ግን ለልጆቹ በሌላ የ100 ሊትር ገንዳ ያኑሯቸው።

ሞሬዩን ከመረጡ ክዳኑን አሁኑኑ ይመልከቱ። ስኖውፍሌክ ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው እባብ መሳይ ዓሣ ነው። የቱቦና የኤሌክትሪክ ገመድ በሚገባበት ቀዳዳ ሌሊት ይወጣና ጠዋት ወለል ላይ ደርቆ ይገኛል። 1 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፍተት ሁሉ በፕላስቲክ ወንፊት ይዘጋ፤ ክዳኑም ላይ ክብደት ይቀመጥ። ጥርሱ ድቡልቡል ስለሆነ ዋናው ምግቡ ሽሪምፕና ሸርጣን ነው፤ ከአፉ የሚተልቅ ዓሣን ብዙም አይነካም። ዓይኑ ደካማ፣ አፍንጫው ግን ብርቱ ነውና ምግቡን በረጅም መቆንጠጫ አፉ አጠገብ ያድርሱለት፤ በእጅዎ አይሞክሩት።

አገባባቸው ከምርጫው እኩል ይወስናል። ገንዳው መጀመሪያ ውሃ ተሞልቶ ያለ ዓሣ ይብሰል፦ ከዓሣ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። አሞኒያ በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል ጨምረው በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም፣ ከሱ የሚፈጠረው ሌላው መርዝ ናይትራይትም ዜሮ ከሆነ ደርሷል። ከዚያ ዓይን አፋሩ ፎክስፌስ ቀድሞ ይግባ፣ በ4 ሳምንቱ ታንጉ፣ ትሪገር ካለ ሁልጊዜ መጨረሻ። ትሪገር ቀድሞ ከገባ ገንዳውን ሙሉ ርስቴ ነው ይላል፤ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ለሱ ወራሪ ነው። ተሳስተው ቀድመው ካስገቡት፣ አዲሱን በሚጨምሩበት ቀን ድንጋዩን አፍርሰው በሌላ ቅርጽ ይደርድሩት፤ የሚጠብቀው ወሰን ይጠፋበታል።

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሆጤ ነው ያለሁት። ባለ 500 ሊትር ገንዳ ውስጥ አራት ትልልቅ ዓሦች አሉኝ። ሌሊት ላይ ወደ ውሃው ወለል ወጥተው አፋቸውን ይከፋፍታሉ። አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ፣ ናይትሬት 30፣ ሙቀት 28 ዲግሪ ነው። መጽሐፍ ላይ ያለውን ልክ ሁሉ አሟልቻለሁ። ምን ጎደለ?

መልስ፦ አብሽር፣ ሕመም አይመስልም፤ የጎደለው አየር ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውሃ በጠረፍ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር ወደ 6.7 ሚሊግራም ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ያው ውሃ የሚይዘው ወደ 5 ሚሊግራም ይወርዳል። ወደ 1,850 ሜትር ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ወደ 5.4 ነው። እርስዎ ደግሞ ውሃውን ወደ 28 ከፍ አድርገዋል፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ዓሣው ግን በሙቀት ይበልጥ ይተነፍሳል። ገቢው ሲያንስ ወጪው የጨመረ ቤት ማለት ነው። የሚብሰው ሌሊት የሆነው ድንጋዩ ላይ ያለው አልጌ ቀን ኦክስጅን ሲሰጥ ውሎ ማታ ራሱ ተጠቃሚ ስለሚሆን ነው።

ማሞቂያውን በቀን 1 ዲግሪ ብቻ እየቀነሱ ወደ 25 ያውርዱ። ከውሃ ማዞሪያ ፓምፖችዎ አንዱ ወደ ላይ ያቅና፤ የውሃው ገጽ ሊፈላ እንደ ደረሰ ድስት ይንቀጥቀጥ። ጸጥ ብሎ መስታወት የመሰለ የውሃ ገጽ ለዓይን ያምራል፣ አየር ግን አያስገባም። ፓምፖቹ በድምሩ በሰዓት 5,000 ሊትር ያህል ማዞር አለባቸው። ውሃውን በአረፋ የሚያጣራው ፕሮቲን ስኪመር ሌሊት አይጥፋ፤ ቆሻሻ ከማውጣቱ ሌላ ገንዳው ውስጥ አየርን ከውሃ የሚያደባልቅ እንደሱ ያለ ዕቃ የለም። ክዳኑ ድፍን መስታወት ከሆነ በወንፊት ይለውጡት። የማታውን ምግብ ደግሞ ወደ ቀኑ 9 ሰዓት ያምጡት፤ የጠገበ ዓሣ የበለጠ ይተነፍሳልና መብራት ከመጥፋቱ በፊት ይፍጭ።

ከዚህ የሚከተለው የዓሦቹ ቁጥር ነው። በጠረፍ ከተማ ስድስት ዓሣ የሚችል ገንዳ ደሴ ላይ አራት ቢይዝ ይበቃዋል። ቱና መሳይ፣ ያለ ዕረፍት የሚዋኙ ዓሦችንና ሻርኮችን በዚህ ከፍታ በቤት ገንዳ ባያስቡ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋም የሚቀድመው ያው አየር ነው። 500 ሊትር ውሃ በብርድ ልብስ ቢሸፈን ሙቀቱን ቶሎ አይጥልም፤ ኦክስጅኑ ግን ትልልቅ ዓሦች ባሉበት በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። አንድ ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-አወር ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር 40 ዋት ፓምፕ ወደ 12 ሰዓት ያሠራል፤ ይህም ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ተጠቅሞ ነው። ማሞቂያ ከዚያ ላይ አይሰኩ፤ ባትሪውን በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል። መብራቱ እስኪመለስ ምግብ አይስጡ። ዝግ ካኒስተር ፊልተር ካለዎትና ለብዙ ሰዓታት ከቆመ ደግሞ መብራት ሲመጣ ዝም ብሎ እንዲነሳ አይተዉት። ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች አየር አጥተው ሞተዋል፤ ውሃው የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከፍተው በጨው ውሃ አለቅልቀው ነው መልሰው የሚያስነሱት።

ጥያቄ፦ ከአፍዴራ የሚመጣው ጨው እኛ ዘንድ ርካሽ ነው። የባሕር ጨው ተብሎ የሚሸጠው ግን ውድ ነው። ሁለቱም ጨው አይደሉም እንዴ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ለወጥ አንድ ናቸው፤ ለዓሣ አይደሉም። አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ። ከዚህ ሶዲየምና ክሎራይድ 30 ግራም ያህሉን ይይዛሉ። የቀረው ሰልፌት 2.7፣ ማግኒዚየም 1.3፣ ካልሲየም 0.4፣ ፖታሲየም 0.4 ግራም፣ በዚያም ላይ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 8.1 አካባቢ ይዞ የሚያቆየው ባይካርቦኔት ነው። የገበታ ጨው እነዚህ ተለይተው የወጡለት፣ አዮዲን የተጨመረበት ነው። በሱ ብቻ የተሠራ ውሃ ውስጥ ዓሣው ጥቂት ቀን ሊዋኝ ይችላል፤ ፒኤቹ ግን ይወድቃል፣ የዓሣውም የሰውነት ጨው ይዛባል።

ሂሳቡን ለ150 በ60 በ65 ገንዳ እንሥራው። ስፍሩ 585 ሊትር ነው፤ ከአፉ 5 ሳንቲ ሜትር ጎድሎ፣ ድንጋይና አሸዋ ቦታ ይዘው የሚቀረው እውነተኛ ውሃ 490 ሊትር ገደማ ነው። ኮራል የሌለበት፣ ዓሣ ብቻ ያለበት ገንዳ ክብደት-ንጽጽሩ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) 1.023 ቢሆን ይበቃዋል፤ ለዚህ በሊትር 35 ግራም ገደማ የአኳሪየም ጨው ይገባል። ለመጀመሪያው ሙሌት 17 ኪሎ ማለት ነው። ትልልቅ ዓሦች ብዙ ያቆሽሻሉና በየሁለት ሳምንቱ 75 ሊትር ይቀየር፤ በየጊዜው 2.6 ኪሎ ያህል። መቆጠብ ካማረዎት ከዓሦቹ ቁጥር ይቆጥቡ እንጂ ከጨው ዓይነት አይደለም።

አሠራሩ፦ የቧንቧ ውሃ ንጹሕ የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ይቀዳል። ክሎሪን ካለው በማጥፊያው ይታከማል ወይም አየር እየተነፋበት አንድ ቀን ይቆያል። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ናይትሬቱ ይለካ፤ ከፍ ካለ የሟሟውን ነገር በስስ ገለፈት የሚያስቀር የአርኦ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ውሃው 25 ዲግሪ ሲሞቅ ፓምፕ እየዞረ ጨው በትንሽ በትንሹ ይበተንበታል። ጨው ላይ ውሃ አይደፋም፤ ካልሲየሙ ነጭ ጭቃ ሆኖ ይዘቅጥና አይሟሟም። በማግስቱ ጨዋማነቱ በሪፍራክቶሜትር ይለካ። በየቀኑ በትነት የሚጎድለው ደግሞ በንጹሕ ውሃ ብቻ ይሞላል፤ ውሃው ይተናል እንጂ ጨው አይተንም።

ጥያቄ፦ ዓሦቹ ከጅቡቲ በመኪና ሊመጡልኝ ነው። በመንገድ ላይ ምን ልጠንቀቅ? (ከደሴ)

መልስ፦ ሕያው እንስሳ ድንበር ሲሻገር የመግቢያ ፈቃድና የእንስሳት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ያ ካልተሟላ ጉዞው አይጀመር።

ሁለተኛው ጉዳይ ፌስታሉ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ኦክስጅን ተሞልቶ የታሠረ ፌስታል ኮምቦልቻ ሲደርስ በውስጡ ያለው አየር በሩብ፣ ደሴ ሲደርስ በሲሶ ያህል ይነፋል። ጥርት ብሎ የተወጠረ ፌስታል ባቲን አልፎ ዳገቱ ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ሲታሠር አየሩ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይያዝ፣ በጣት ሲጫኑት ገባ የሚል ይሁን። ትሪገርና ላየንፊሽ እሾክ ስላላቸው ፌስታሉ ድርብ ይሁን፤ በመካከሉም ጋዜጣ ይግባ። በፎም ሳጥን ተከቶ የአፋርን በረሃ በሌሊት ይለፍ። ዓሦቹ ከመነሳታቸው በፊት ለሁለት ቀን ምግብ አይቅመሱ፤ ጦማቸውን የተጓዙ ዓሦች ፌስታሉን አያቆሽሹም።

ሲደርሱ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለማላመድ ብለው ፌስታሉን ከፍተው ለሁለት ሰዓት ውሃ ያንጠባጥቡበታል። ረጅም ጉዞ ባደረገ ውሃ ውስጥ አሞኒያ ተጠራቅሟል፤ ሳይገድል የቆየው ዓሣው የተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውሃውን ፒኤች ስላወረደው ነው። ፌስታሉ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ ያው አሞኒያ በደቂቃዎች ውስጥ መርዝ ይሆናል። ትክክለኛው መንገድ የሚከተለው ነው። ላኪውን ቀድመው የውሃውን ጨዋማነት ይጠይቁና አዲስ ዓሣ ለብቻው የሚከርምበትን የማቆያ ገንዳዎን በዚያው ልክ ያዘጋጁ። ፌስታሉን እንደታሠረ ለ30 ደቂቃ ገንዳው ላይ ያንሳፍፉት። ከዚያ ከፍተው ዓሣውን ወዲያው ያስገቡ፤ የፌስታሉን ውሃ ይድፉት። ትሪገር የጀርባ እሾኩ መረብ ላይ ይጠላለፋል፤ ስለዚህ በፕላስቲክ ዕቃ ነው የሚጨለፈው። ፐፈር የሚባለው ተነፊ ዓሣም እንዲሁ፤ ከውሃ ውጭ አየር ስቦ ከተነፋ መልሶ ማስወጣት ይቸግረዋል።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። እላይ የተባለው ዓይነት ገንዳ ወለሉ ይችለዋል?

መልስ፦ በ12 ሚሊ ሜትር መስታወት የተሠራ ባለ 585 ሊትር ገንዳ ባዶውን 110 ኪሎ ገደማ ነው። ውሃው 500 ኪሎ፣ ድንጋዩና አሸዋው 80፣ መቆሚያው ከነፊልተሩ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናሉ። ወደ 800 ኪሎ ክብደት ከ1 ካሬ ሜትር ባነሰ ቦታ ላይ ያርፋል። የመኖሪያ ቤት ወለል የሚሠራው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ጭነት ታስቦ ነው። ጭነቱ ወደ ዙሪያው ስለሚከፋፈል ወዲያው ይፈርሳል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሕንፃውን የሚያውቅ መሐንዲስ ሳያይ መሃል ሳሎን አይቁም። ምሰሶና ቢም ባለበት ግድግዳ ጥግ መሆን አለበት። ምድር ቤት ቢሆን ይመረጣል፤ ደሴ ላይ ግን በተቆረጠ ዳገት ላይ በአፈር ሙሌት የተነሳ ወለልም ይሰጥማልና በውሃ ልክ እየለኩ ይከታተሉ። አንዱ ጥግ 3 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ሲሊኮኑ አንድ ቀን ይላቀቃል።

ጥያቄ፦ ለላየንፊሼ ከሐይቅ የሚመጡ የቆሮሶ ጫጩቶችና ወርቃማ ዓሣ ከነሕይወታቸው እሰጣለሁ። አንዳንዴም የበሬ ልብ። በደንብ ይበላል።

መልስ፦ መብላቱ አያጠራጥርም፤ ጉዳቱ የሚታየው በወራት ነው። የንጹሕ ውሃ ዓሣ ስብ ለባሕር ዓሣ የሚያስፈልጉት የስብ አሲዶች ይጎድሉታል፤ የከብት ስብ ደግሞ በ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ይረጋና ጉበቱ ላይ ይከማቻል። ወርቃማው ዓሣ በተጨማሪ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው። ውጤቱ ጉበቱ የወፈረ፣ አንድ ቀን መብላት ድንገት የሚያቆም ላየንፊሽ ነው።

የሚያስፈልገው የባሕር ምግብ ነው፦ ያልበሰለና ያልተቀመመ ፍሮዝን ሽሪምፕ፣ ስኩዊድ፣ የባሕር ዓሣ ሥጋ። ወደዚያ ለማሸጋገር ለ4 ወይም 5 ቀን ያስርቡት። ማታ መብራቱ ደብዘዝ ሲል የሽሪምፕ ቁራጭ በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ጫፍ ሰክተው ከፊቱ 10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያንቀጥቅጡት። ላየንፊሽ የሚነሳው በእንቅስቃሴ ነው፤ ከበስተ ታች ወደ ላይ የሚሸሽ ከመሰለው ይውጠዋል። ከዚያ በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። ፒካሶና ፐፈር ላላቸው ደግሞ በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅርፊቱ ያልተላጠ ሽሪምፕ ይስጡ፤ ጥርሳቸው ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ የሚሞርደው ካጣ አፋቸውን ይዘጋል። ታንግና ፎክስፌስ በየቀኑ የደረቀ የባሕር አልጌ ቅጠል፣ ኖሪ የሚባለውን፣ በቆንጣጭ ተሰቅሎላቸው ይጋጡ። ሰላጣ ሆድ ይሞላል እንጂ አይተካውም።

ጥያቄ፦ ገንዳ ሳጸዳ ላየንፊሽ ቢወጋኝስ?

መልስ፦ ሕመሙ ብርቱ ነው፤ ጤነኛ ጎልማሳን ግን መግደሉ እጅግ ብርቅ ነው። የተወጋውን እጅ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ በሆነ ሙቅ ውሃ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከሩ፤ መርዙ በሙቀት የሚፈርስ ፕሮቲን ነው። ሙቀቱን ባልተወጋው እጅ ይለኩ፤ የታመመው እጅ ማቃጠሉን አይለይም። ትንፋሽ ካጠረ፣ ማዞር ከመጣ ወይም ፊት ካበጠ ወዲያው ወደ ሆስፒታል። የፎክስፌስ እሾክም መርዝ አለው፤ ሰው ሁሉ ላየንፊሹን ሲጠብቅ የሚወጋው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ታንግ ባስገባሁ በሳምንቱ ዓሦቹ ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ አወጡ። መድኃኒቱን እዛው ገንዳ ውስጥ ልጨምር?

መልስ፦ መዳብ ያለበት ከሆነ አይጨምሩ። ድንጋዩና አሸዋው መዳቡን ይመጥጡታል፣ መጠኑን ማወቅ አይቻልም። ዓሦቹን ሁሉ ባዶ መስታወትና የፕላስቲክ ቱቦ መደበቂያ ብቻ ወዳለው ማቆያ ያውጡ። የመዳብ ሰልፌት ሕክምና የመዳቡ መጠን በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ሆኖ በየቀኑ እየተለካ 4 ሳምንት ይቆያል። ሞሬይ ቅርፊት ስለሌለው መዳብ ይጎዳዋል። ለሱ በየ3 ቀኑ አራት ጊዜ ወደ ደረቀና ወደ ታጠበ ሌላ ገንዳ በአዲስ ውሃ ማዛወር ይሻላል፤ ነጠብጣቡን የሚያመጣው ተባይ ከዓሣው ወርዶ ከመራባቱ በፊት ዓሣው ጥሎት ይሄዳል። ዋናው ገንዳ ያለ ዓሣ ቢያንስ 6፣ ቢቻል 10 ሳምንት ይክረም። ወደፊትም የሚገዛ ዓሣ ሁሉ 4 ሳምንት ማቆያ ሳይቀመጥ አይቀላቀል።

ጥያቄ፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቼ መብራት ባበራ ቢጫው ፎክስፌሴ ቡናማ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኖ አገኘሁት። ትሪገሩም ድንጋይ ሥር በጎኑ ወድቋል። እየሞቱ ነው?

መልስ፦ ተኝተዋል። ፎክስፌስ ማታ ማታ እንዳይታይ ቡናማ ልብሱን ይለብሳል፤ መብራቱን እንደበራ ለጥቂት ደቂቃ ቢተዉት ቢጫነቱ ሲመለስ ያያሉ። ትሪገር ደግሞ ቀዳዳ ውስጥ በጎኑ ገብቶ የጀርባ እሾኩን ያቆምና ማንም እንዳይጎትተው ራሱን ቆልፎ ይተኛል። መብራቱን ያጥፉላቸው።